በረዶ የተነፈገው ዓሣ

እትዬ ቅርፊት የሚለውን ስም ያወጡላት የገበያው ሴቶች ናቸው። ዓሣ የሚፍቅ ሰው ሁሉ ቅርፊት ይረጭበታል፤ እሷ ላይ ግን ተጣብቆ ይቀራል። ታጥባ፣ ተለቅልቃ፣ ልብሷን ቀይራ ቤቷ ከገባች በኋላ እንኳ አንዷ ከጆሮዋ ጀርባ፣ ሌላዋ ከቅንድቧ ላይ ብልጭ ትላለች። በልጇ ሠርግ ቀን ፎቶ አንሺው፣ «እናት፣ ጉንጭዎ ላይ ያለው ጌጥ መብራት እየመለሰ አስቸገረኝ፤ ቢያነሱልኝ?» ቢላት አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እሷም አብራ ሳቀች። በራሷ መሳቅ የምትችል ሴት ናት።

የምትሠራበት የዓሣ ገበያ ከወደቡ ጥግ ያለ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ረጅም አዳራሽ ነው። ግራና ቀኙ የሲሚንቶ መደብ፣ መሐሉ የውሃ መውረጃ ቦይ። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ቦት ጫማ ያላደረገ ገዢ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት አንድ ጊዜ መንሸራተቱ አይቀርም። ከአዳራሹ ጀርባ የበረዶ ማሽን አለ። ሴቶቹ ተማምለው፣ ተሟግተው፣ ተኳርፈው፣ በመጨረሻ አዋጥተው የገዙት የማኅበራቸው ንብረት ነው። ሲሠራ እንደ በሽተኛ ያቃስታል፤ ዝም ያለ ቀን ግን ገበያው ሁሉ ይደነግጣል። በዚያ ሙቀት በረዶ ያላገኘ ዓሣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ማንም አጠገቡ አይቆምም። የማሽኑ ቁልፍ የሚውለው እትዬ ቅርፊት አንገት ላይ ነበር። ሹመት ኖሯት አይደለም፤ ከሁሉም ቀድማ የምትመጣው እሷ ስለሆነች ነው።

ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሰው ሁሉ ባሕር የበላው ይመስለዋል እንጂ በገዛ አልጋው ላይ ታሞ ነው ያረፈው። ልብስ ሰፊ የሆነችው አንድ ልጇም ዞራ ዞራ የጀልባ ካፒቴን አገባች። «ከዓሣ ሽታ ላታመልጪ ነገር ይሄን ሁሉ ዓመት ስፌት ተማርሽ!» ብላ ቀለደችባት እንጂ እትዬ ቅርፊት ጋብቻውን አልጠላችም። አማቿን ትወደዋለች። ረጅም፣ ቁጥብ፣ ከአፉ ቃል የሚወጣው በግድ የሆነ፣ ሥራ ላይ ግን እሳት የላሰ ሰው ነው። ከባሕር ሲመለስ የመጀመሪያውን ሳጥን የሚያወርደው እሷ መደብ ላይ ነበር፤ ምሳም የሚበላው እሷ ቤት።

ነገሩ የተጀመረው የዓሣ ሐኪሟ የመጣች ጊዜ ነው። ሐኪም እንኳን አይደለችም፤ ስለ ባሕር እንስሳት የምታጠና ወጣት ተመራማሪ ናት። የመጀመሪያው ቀን አንዱን ዓሣ በእንጨት መለኪያ ላይ አጋድማ፣ አፉን ከፍታ ትክ ብላ ስታየው፣ ከእትዬ ቅርፊት መደብ ቀጥሎ የምትሸጠው ሳቂታዋ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ፣ «ምነው ሐኪም፣ ይድን ይሆን?» ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ ወዲህ ስሟ የዓሣ ሐኪም ሆኖ ቀረ።

ወጣቷ ሳትቀየም በየጊዜው እየመጣች መለካቷን ቀጠለች። አንድ ቀን ከእትዬ ቅርፊት መደብ ላይ አንዲት መዳፍ የማትሞላ ቀይ ዓሣ አነሳች።

«እትዬ፣ ይቺን ምን ትሏታላችሁ?»

«ቀይቱ ነዋ!» አለች እትዬ ቅርፊት። «የቀይ ዓሣ ዘመድ ናት፤ ግን ድንክ ናት። ከዚህ አታድግም።»

«ድንክ መሆኗን ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው።»

ወጣቷ ከበረዶው ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ዓሣ ጎትታ ከትንሿ ጎን አጋደመችው። የሁለቱንም የጀርባ ክንፍ ዘርግታ እሾሃቸውን አሳየቻት፤ ጅራታቸው ሥር ያለችውን ጥቁር ነጥብ አሳየቻት። አንድ ናቸው። «ድንክ አይደለችም፣ እትዬ። ልጅ ናት። ቀይ ዓሣው ራሱ ነው፤ ገና ያልወለደ። ይሄ ዓሣ እንቁላል ለመጣል ዓመታት ይፈጅበታል። አንዴ ትልቅ ከሆነች ግን አንዷ እናት የምትጥለው ብዙ ጀማሪዎች ተሰብስበው ከሚጥሉት ይበልጣል።»

እትዬ ቅርፊት በሰው አፍ የምታምን ሴት አይደለችም። «እስቲ እናያለን» ብላ አሰናበተቻትና በሚቀጥሉት ሳምንታት የከፈተችውን ሆድ ሁሉ መመርመር ያዘች። ትልቋ ቀይ ዓሣ ስትሰነጠቅ እንቁላሏ እፍኝ ሞልቶ ይፈሳል። ከቀይቱ ሆድ ግን አንዲት ፍሬ አልወጣችም። ዛሬም የለም፤ ነገም የለም። ደግሞ ልብ ብላ ስታየው ትልልቆቹ ከሳጥኑ ሥር አንድ ሁለት ሆነው የሚገኙ፣ ቀይቱ ግን ሳጥኑን የምትሞላ ሆናለች። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ቀይቱን የሚገዛት ድመት ያለው ሰው ብቻ ነበር።

አንድ ማለዳ ቀይቱን መደቧ ላይ አላወጣም አለች። ደንበኞቿ ግራ ተጋቡ፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደው ከሳቂታዋ ገዙ። ሳቂታዋ ጥርሷን ሳትከድን እየመዘነች፣ «እግዜር ይስጥሽ እህቴ፣ ገበያዬን አደራሽልኝ» አለቻት።

«እኔ እኮ የምሬን ነው» አለች እትዬ ቅርፊት። «ሳይወልዱ ነው የምንጨርሳቸው።»

«እሱስ ገባኝ። ግን አንቺ ብትተዪው እኔ እሸጠዋለሁ፤ እኔ ብተወው ያቺ ማዶ ያለችው ትሸጠዋለች። ዓሣው እንደሆነ ሞቷል። ታዲያ ለማን ልናዝን ነው?»

«ሁላችንም ብንተወውስ?»

«ሁላችንም!» ሳቂታዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እኛ ሁላችንም በአንድ ነገር የተስማማነው ያንን የሚያቃስት ማሽን ስንገዛ ብቻ ነው።»

ይህን ስትል እትዬ ቅርፊት እጇን ሳታስበው ወደ አንገቷ ላከች። ቁልፉ እዚያው ነበር። ሳቂታዋም አየቻት፤ ሳቋ ቀስ ብሎ ቆመ። «አንቺ ሴትዮ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምን እያሰብሽ ነው?»

ያሰበችውን ለሴቶቹ ለማስረዳት ብዙ ጉሮሮ ደረቀ። የዓሣ ሐኪሟ መጥታ ሁለቱን ዓሣ ጎን ለጎን አሳየች፤ ሴቶቹም እንደ እትዬ ቅርፊት በየመደባቸው ሆድ ከፍተው አዩ። አንዳንዷ ከንፈሯን መጠጠች፤ አንዳንዷ «እና ልጆቼን ምን ላብላ?» አለች። በመጨረሻ ከክርን እስከ እጅ አንጓ ለማይደርስ ቀይ ዓሣ በረዶ አይሰጥም ተባለ። ካፒቴኖቹ በረዶ ካላገኙ አያመጡትም፤ ካላመጡት ማንም አይሸጠውም። ቀላል ነገር ነው የመሰላቸው።

ውሳኔው ከተነገረ በኋላ ቀድሞ የደረሰው ጀልባ የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአማቿ። ካፒቴኑ እንደ ልማዱ ሳጥኖቹን አስወርዶ፣ ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣ «እማማ፣ በረዶ!» አለ። የመጀመሪያው ሳጥን ትልልቅ ዓሣ ነው። የቀሩት ሁሉ ቀይቱ።

«ለዚህኛው ውሰድ» አለች ሳጥኑን እየጠቆመች። «ለእነዚያ የለም።»

የምትቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ሴቶቹ ግን ሥራቸውን አቁመው፣ ቢላቸውን እንደያዙ ያዩታል። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። «ነገሩን ሰምቻለሁ። ሌላ ሰው ቢከለክለኝ እሺ፤ እርስዎ ይከለክሉኛል ብዬ አላሰብኩም።»

«ለአማቼ ብዬ ከከፈትኩት ነገ ማን ይሰማኛል፣ ልጄ?»

ካፒቴኑ ሳጥኖቹን ጭነት መኪና ላይ አስጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ገበያ ነዳ። መንገዱ ፀሐይ የሚያቃጥለው ነበርና ሲደርስ ገዢዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹት። ያን ሁሉ ድካም ቆሻሻ መጣያ ላይ ደፍቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ዓሣውን ለሌላ መደብ ማውረድ ጀመረ፤ ለምሳም መምጣቱን ተወ። እትዬ ቅርፊት ምሳዋን ለብቻዋ ቀርባ መብላት ያዘች። አፏን ሞልታ «ልክ ነኝ» ትላለች፤ ሆዷ ግን አልተስማማም።

ገበያው ውስጥ ግን ደስታ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቀይቱ ከሳጥኖቹ ውስጥ ጨርሳ ጠፋች። ሳቂታዋ እንኳ፣ «አየሽ አይደል፣ እግዜር ሴትን ቁልፍ ሲያሲዛት!» እያለች ትኩራራ ጀመር። የዓሣ ሐኪሟ መለኪያዋን ይዛ መጥታ ሳጥኖቹን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ዘልላ እትዬ ቅርፊትን አቀፈቻት።

የሰነበተው ኩርፊያ ያልተመቻት ልጇ ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቷን ጎትታ ቤቷ ወሰደቻት። ካፒቴኑ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጦ መቀስ ይስል ነበር። ልጅቷ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት። «እኔ በሁለታችሁ መሐል እንደ ዓሣ ተሰንጥቄ አልኖርም» አለች። «ዛሬ ተነጋገሩ። ካልተነጋገራችሁ ማንም ከዚህ አይወጣም።»

እትዬ ቅርፊት ተቀመጠች። «ተቀይመኸኛል» አለችው።

«መቀየም አይደለም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምንድነው? አየህ፣ ቀይቱ እኮ ተረፈች። ከገበያ ጠፋች።»

ካፒቴኑ መቀሱን አስቀመጠ። «ከገበያ ነው የጠፋችው። እናንተ ባሕሩን ሳታዩ ነው ሕግ የምታወጡት።»

«እንግዲያው ውሰደኝና ልየው።»

ልጇ ጮኸች፦ «እማዬ! አንቺ እኮ የመታጠቢያ ሳፋ ሲንቀሳቀስ የሚያዞርሽ ሴት ነሽ!»

እውነቷን ነው። እትዬ ቅርፊት የዓሣ አጥማጅ ሚስት፣ የዓሣ አጥማጅ አማት ሆና ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም ነበር። ቃሏን ግን አላጠፈችም። በሚቀጥለው ማለዳ የባሏን አሮጌ ካፖርት ደርባ፣ አንድ ሎሚ በኪሷ ይዛ ወደቡ ላይ ተገኘች። ጀልባው ከወደቡ አፍ ሳይወጣ ሎሚው ዋጋ እንደሌለው አወቀች። የጀልባውን ጠርዝ ታቅፋ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለባሕሩ ሰጠች። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ «አይዞዎት፣ ዓሣዎቹ ቁርስ አገኙ» ቢላት ልትስቅ ፈልጋ እንደገና አስመለሳት።

ሩቅ አልሄዱም። ከዳርቻው ብዙም ሳይርቁ ውሃው አረንጓዴ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ከሥሩ የባሕር ሣር እንደ መስክ የተንጣለለበት። አጥማጆቹ «ሣሩ» ብለው ይጠሩታል። ካፒቴኑ መረቡን እዚያ አስጣለ። ጊዜ ሰጥተው ሲስቡት መረቡ ከብዶ፣ እየተንጠባጠበ ወጣና ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። እትዬ ቅርፊት ማቅለሽለሿን ረስታ ተጠጋች። ቀይቱ ነበረች፤ ክምር ሆና። አብዛኞቹ እርስ በርስ ተጨፍልቀው፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ ገና መረቡ ውስጥ እያሉ የሞቱ ናቸው። አንዳንዶቹ ለጥቂት ጊዜ ጅራታቸውን አወራጩና እነሱም ቆሙ። ሠራተኞቹ ጎንበስ ብለው ከመሐላቸው ጥቂት ትልልቆች መረጡ። ከዚያ አካፋ አነሱ። የቀረውን ሁሉ እየዛቁ ወደ ባሕሩ መለሱት። ነጫጭ ወፎች ከየት መጡ ሳይባል ሰማዩን ሞልተው እየጮኹ ወረዱበት።

«ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋላችሁ?» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«እናንተ ከከለከላችሁን ወዲህ» አለ ካፒቴኑ። «በፊት ይዘን እንመጣና ሰው ይበላው ነበር። አሁን ወፍ ይበላዋል። እንግዲህ ለቀይቱ ምን እንደተሻላት እርስዎ ይንገሩኝ።»

የካፖርቱን ኮሌታ ወደ አንገቷ ሰብስባ አንገቷን ደፋች። ካፒቴኑም በቁስሏ ላይ እንጨት አልሰደደም፤ ውሃ በጣሳ አምጥቶ ሰጣትና አጠገቧ ተቀመጠ። ጠጥታ ስትጨርስ፣ «ለምንድነው እዚህ የምትጥለው?» ብላ ጠየቀችው።

«ቅርብ ስለሆነ። ሣሩ ውስጥ መረብ ጥሎ ባዶውን የሚመለስ የለም። ትልልቆቹ ያሉት ጥልቁ ጋ ነው፤ በመንጠቆ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ስንመለስ ቀኑ ይመሻል። የጠዋቱ ዓሣ ወደብ ሳይደርስ ይለሰልሳል። አባቴም ጥልቁን የተወው በዚህ ነው።»

«በረዶ ይዘህ ብትወጣስ?»

ካፒቴኑ ዞሮ አያት። «ስንወጣ?»

«ስትወጣ። ሳጥኑን ከወደብ ሞልተህ።»

«እማማ፣ በረዶ ስንመለስ እንጂ ስንወጣ ማን ሰጥቶን ያውቃል?»

ማንም ሰጥቷቸው አያውቅም። ማንም ጠይቆም አያውቅም። ሁለቱ ተያዩና ካፒቴኑ በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ። ወደቡ እስኪደርሱ ሁለቴ አስመለሳት።

በማግሥቱ ሴቶቹን ሰብስባ ያየችውን ሳትቀንስ ነገረቻቸው። «ቀይቱን አላዳንናትም። ከዓይናችን ብቻ ነው ያራቅናት» አለች። ይህን ማለት ከባሕሩ ይልቅ ከበዳት። ሳቂታዋ ሳትስቅ ሰማቻት። የዓሣ ሐኪሟ ፊቷ ቀላ፤ «እኔም ከመደብ ላይ ስለካ ከረምኩ እንጂ አንድ ቀን ከጀልባው ጋር ወጥቼ ብሆን ኖሮ...» ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው ቀረች። «ተይው ልጄ፣ አንቺስ ቢሆን እንደኔ ታስመልሺ ነበር» አለቻት እትዬ ቅርፊት፣ እና ሁሉም ተነፈሱ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር እንደሚወራው ቀላል አልነበረም። ወደ ጥልቁ ለሚሄድ፣ በመንጠቆ ለሚያጠምድ ጀልባ ሴቶቹ ሲወጣ በረዶ በነፃ ሊሞሉለት ተስማሙ። በፈንታው ሣሩ ውስጥ መረብ እንዳይጣል ካፒቴኖቹ ቃል እንዲገቡ ተጠየቀ። ስብሰባው ላይ ጠረጴዛ ተደበደበ፤ ወንበር ተገለበጠ። ከሁሉ የከበደው ሞተር የሌላት ትንሽ ጀልባ ያላቸው አንድ አዛውንት አጥማጅ የተናገሩት ነበር። «እኔ በዚህ ክንዴ እየቀዘፍኩ ጥልቁ ድረስ ልሂድ?» አሉ ክንዳቸውን አንስተው። ክንዳቸው ቀጭን ነበር። በመጨረሻ ካፒቴኑ ራሱ ተነስቶ፣ «አባባ መረባቸውን ይተዉና በሣሩ ጠርዝ ላይ በእጅ መንጠቆ ያጥምዱ። አንድ ሰው በአንድ መንጠቆ ሣሩን አይጨርሰውም» አለ። አዛውንቱ አጉረመረሙ፤ ግን ተቀመጡ። የዓሣ ሐኪሟና የጀልባ ሠራተኞቹ ድንበሩ እንዲታይ በሣሩ ዙሪያ ተንሳፋፊ በርሜሎች አሰሩ።

የመጀመሪያው ዘመን መራራ ነበር። መደቦቹ ግማሽ ባዶ ዋሉ፤ ሳቂታዋ እንኳ ጥርሷን ከደነች። ከሻጮቹ አንዷ ተስፋ ቆርጣ ወደ አትክልት ንግድ ዞረች፤ አልተመለሰችም። አንድ ካፒቴን በጭጋግ ተሸፍኖ ሣሩ ውስጥ መረብ ጥሎ ተገኘ፤ ከእትዬ ቅርፊት አማች ጋር ወደቡ ላይ ተናንቀው ሰው አላቀቃቸው። ልጇ የባሏን የተቀደደ ሸሚዝ እየሰፋች፣ «ለቀይቱ ብሎ የሚደባደብ ባል ይኖረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም» አለች። ካፒቴኑ ግን አንድም ቀን «ልክ ነበሩ» ብሎ ለእትዬ ቅርፊት ነግሯት አያውቅም። ለምን ወደ ጥልቁ እንደሚሄድ ሰው ሲጠይቀው፣ «መረቡ ከበደኝ፤ መንጠቆ ይቀለኛል» ይላል። ለምሳ ግን መምጣት ጀምሯል፤ ይህ ይበቃታል።

ጊዜ እየገፋ ሲሄድ ጀልባዎቹ የሚያመጡት ቀይ ዓሣ ቁመቱ ከፍ ማለት ያዘ። እንደ ድሮው አልሆነም፤ የዓሣ ሐኪሟም «ገና ነው» ትላለች፤ ትለካለች፤ አንዳንዱ ወር ደስ ይላታል፣ አንዳንዱ ወር ታኮርፋለች። ሳቂታዋ መደብ ላይ ግን ሳቅ ተመልሷል።

አንድ የዕረፍት ቀን፣ ባሕሩ ሸሽቶ የሣሩ ጠርዝ ለእግር በቀረበበት ሰዓት፣ እትዬ ቅርፊትና ልጇ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ድረስ ገቡ። ውሃው ሞቅ ያለ፣ ጥርት ያለ ነበር። ሣሩ ወዲያና ወዲህ ይዘናፈላል። በመሐሉ ትናንሽ ነገሮች ብልጭ ብለው ጠፉ፤ እንደገና ብልጭ አሉ። እትዬ ቅርፊት ሳትንቀሳቀስ ቆመች። ቀስ በቀስ ተመልሰው መጡ፤ በእግሮቿ መሐል አለፉ፤ አንዷ አውራ ጣቷን ነካ አድርጋ ተወችው። ይሄን ሁሉ ዘመን ዓሣ ስትሸጥ፣ ውሃው ውስጥ ተረጋግቶ የሚዋኝ ዓሣ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። መደብ ላይ ቀይ የሆነው እዚህ ቀይ አይደለም፤ ብርማ ሆኖ ሰማያዊ ነገር ይንሸራሸርበታል።

«ምን እየሠሩ ነው?» አለች ልጇ በሹክሹክታ።

«ይበላሉ፣ ያድጋሉ። ሌላ ምን ሥራ አላቸው!»

«አንቺስ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የፈዘዝሽው?»

«ምንም። ልያቸው እስቲ።»

ባሕሩ መመለስ ጀምሮ የቀሚሳቸውን ጠርዝ አረጠበው። ልጅቷ፣ «ይሄን ጨርቅ ጨው ያበላሸዋል፣ እንውጣ» ብላ ጎተተቻት። እትዬ ቅርፊት «እሺ፣ መጣሁ» አለች፤ ግን ትንሽ ቆየች።